የድርቁ ዘመን ልጆች ለትምህርት ደረሱ፦ በዱብሉቅ የሰፈር የሕፃናት መዋያ እንዴት ይከፈታል?

ከ2013 ዓ.ም. የሃገያ (የአጭሩ ዝናብ) ወቅት ጀምሮ በቦረና ምድር ዝናብ አምስት ወቅት ተከታትሎ ቀረ። ከብት አለቀ፣ ወተት ነጠፈ፣ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ ዱብሉቅ ከተማ ዳር በላስቲክና በጨርቅ መጠለያ ሰነበተ። ዝናቡ የተመለሰው በ2015 መጋቢት ነው። በእነዚያ ዓመታት የተወለዱት ልጆች በ2018 ዓ.ም. ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሞልቷቸዋል። ብዙዎቹ የተረገዙትም፣ የጠቡትም፣ እህል መቅመስ የጀመሩትም ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ በጠፋበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ስለ ሕፃናት ትምህርት ሲታሰብ ፊደሉን ከሆድ፣ ክፍሉን ከቤተሰብ ነጥሎ ማየት አይቻልም።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት እንዲኖር ይላል። ክፍሉና መምህሩ እስኪሟላ ግን ልጅ ማደጉን አያቆምም። ይህ መመሪያ የተጻፈው እስከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ላልፈለጉ ነው፦ ለመምህሩ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለእድር ዳኛው፣ የጎረቤት ልጆችን ደጃፏ ላይ ለምትሰበስብ እናት።

የምንነሳበት ሐሳብ አንድ ነው። ቱላ ከሚባሉት ዘጠኝ የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች (ኤላዎች) አንዱ ያለው ዱብሉቅ ነው። በደረቁ ወቅት ወጣቶች ከጥልቁ ጉድጓድ እስከ ገንዳው ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋው ነው። ውሃን ያህል ነገር በተራ፣ በጉልበትና በስምምነት ማስተዳደር የሚያውቅ ሕዝብ ሕፃናቱንም በዚያው ሥርዓት መያዝ አያቅተውም። ከውጭ መጥቶ እስኪሠራለት መጠበቅ የለበትም።

1. በመጀመሪያ ልጆቹን መዝግቡ

አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዙና ቤት ለቤት ዙሩ። የከተማው ሰፈር፣ የተፈናቃዮች ሰፈርና በዙሪያው ያሉ ኦላዎች (የቦረና መንደሮች) ሦስቱም ይካተቱ። «ስንት ልጅ አለሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ልጅና ከብት ጮክ ብሎ መቁጠር በብዙ ቤት አይወደድም። የልጆቹን ስም ጠይቁ፤ ቁጥሩን ከደብተሩ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚከተለውን ጻፉ፦

- ስሙን፣ የእናቱንና የአባቱን ስም፣ ሰፈሩን ወይም ኦላውን
- የተወለደበትን ወቅትና ዓመት
- ቀን ቀን ከማን ጋር እንደሚውል
- የልደት ምዝገባና የክትባት ካርድ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን
- የማየት፣ የመስማት፣ የመራመድ ወይም የመናገር ችግር ካለበት
- በመጪው መስከረም ለ1ኛ ክፍል የሚደርስ መሆኑን

ዕድሜ ስትጠይቁ «አራት ይሆነዋል» ብለው ከመለሱላችሁ በወቅት ጠይቁ። «ዝናቡ የተመለሰ ጊዜ ዳዴ ይል ነበር ወይስ ይሄድ ነበር?» ዳዴ ይል ነበር ከተባለ ልጁ በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ግድም የተወለደ ነው። ገና ሆዷ ውስጥ ነበር ካለች ከመጋቢት 2015 በኋላ ነው። ይህ ግምት ለመዋያው ይበቃል።

«ቀን ከማን ጋር ይውላል?» የሚለውን ጥያቄ በጥሞና አዳምጡ። እናት ውሃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ስትሄድ ብዙ ጊዜ ልጁን የምትይዘው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት እህቱ ናት። ታናሹን ስትጠብቅ ከትምህርት ቤት የቀረችው ያቺ ልጅ መዋያው ሲከፈት ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። አንድ መዋያ ሁለት ልጅ የሚያስተምረው እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ ስለዚህ እነዚህን ቤቶች በደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉባቸውና ቅድሚያ ስጧቸው።

2. ባለቤት ስጡት

ከሰባት የማይበልጡ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይበቃል። ከአባ ኦላዎቹ (ከመንደር አባቶቹ) አንዱ፣ ልጆች «አኮ» የሚሏቸው የተከበሩ አንዲት አያት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የቅርቡ ትምህርት ቤት መምህር፣ ከሴቶች ቁጠባ ማኅበር አንዲት፣ ከነጋዴው አንድ፣ ከተፈናቃዮች አንድ ይግቡ። ከተፈናቃይ ወገን ሰው ከሌለበት መዋያው ሳይታሰብ የከተማ ልጆች ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ወረዳው ትምህርትና ጤና ጽሕፈት ቤቶች እና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ሐሳባችሁን አስረዱና ደብዳቤ አስጽፉ። በኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ የትምህርትን፣ የጤናንና የሴቶችን መሥሪያ ቤቶች በአንድ ላይ ኃላፊ ያደረገ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱንም በር ማንኳኳት መብታችሁ ነው። ደብዳቤው ሕጋዊ መሠረት ይሰጣችኋል፤ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ዕቃ ሲያድል ስማችሁ ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባም ያግዛል።

3. ቦታ ምረጡ

ሰፊ ግራር ያለበት፣ ጥላው ጠዋት የማይሸሽ ቦታ ከቆርቆሮ አዳራሽ ይሻላል። ቆርቆሮ በቆላው ፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል። ቦታውን ከመወሰናችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

- የአራት ዓመት ልጅ ሳይደክመው በእግሩ የሚደርስበት መሆኑን
- ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አስፋልት ሳይሻገር የሚመጣበት መሆኑን፤ መሻገር ግድ ከሆነ የሚያሻግር አዋቂ በስም መመደቡን
- ከብት ወደ ኤላ ከሚወርድበት መንገድና ከጉድጓዱ አፍ መራቁን
- ዙሪያው በእሾህ መታጠሩንና አንድ መዝጊያ ያለው በር መኖሩን
- ለልጅ ቁመት የሚሆን ትንሽ ሽንት ቤት መኖሩን

የእጅ መታጠቢያ ለመሥራት አምስት ሊትር ጄሪካን በታች በኩል በጋለ ምስማር ብሱ፤ ቀዳዳውን በእንጨት ውተፉትና በልጁ ደረት ልክ ስቀሉት። ሳሙናውን በገመድ አንጠልጥሉ። ውሃ ውድ በሆነበት ሀገር ቀጭን ጅረት ብዙ እጅ ያጥባል። በየጠዋቱ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት አንድ አዋቂ ግቢውን ይዙር፤ እሾህ፣ ጠርሙስና ጊንጥ የሚገኙት በዚያ ሰዓት ነው።

4. ሰዓቱን ከውሃው፣ ዓመቱን ከዝናቡ ጋር አስማሙ

የጠዋቱ ወተት ሳይታለብ ልጅ ይምጣ ማለት አይሆንም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ለአብዛኛው ቤተሰብም ለልጆቹም ይመቻል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይበረታል።

የዓመቱ ጉዳይ ግን ከቀኑ ይከብዳል። የመደበኛ ትምህርት ካላንደር ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። የቦረና ዓመት የሚዞረው በሌላ መንገድ ነው፦

- ሃገያ (ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር)፦ አጭሩ ዝናብ። ቤተሰብ ይረጋጋል፤ ምዝገባና መክፈቻ በዚህ ጊዜ ይሁን።
- ቦና (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት)፦ ደረቁ ወቅት። የፎራ ከብት (ከመንደር ውጭ የሚሰማራው መንጋ) ርቆ ይሄዳል፣ የእናቶች የውሃ መንገድ ይረዝማል። ልጆች ያለ ጠባቂ የሚውሉት ያኔ ስለሆነ መዋያው ፈጽሞ መዘጋት የሌለበት ወቅት ይህ ነው።
- ገና (ከመጋቢት እስከ ግንቦት)፦ ዋናው ዝናብ። ወተት ይኖራል፣ መንገዱ ግን ይጨቀያል፣ ወባም ይነሳል። ሰዓቱን አሳጥሩ እንጂ አትዝጉ።
- ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦ ቀዝቃዛው ደረቅ ወቅት። ለ1ኛ ክፍል የሚደርሱትን ለይታችሁ የምታዘጋጁበት።

ከብት ተከትሎ የሚሄድ ቤተሰብ ካለ ልጁን ከመዝገብ አትሰርዙ። «ወጥቷል» ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ሲመለስ ቦታው እንደሚጠብቀው ለእናቱ ንገሯት።

5. ተንከባካቢ ምረጡ፣ ተራም አውጡ

ለሃያ ልጆች ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል፤ ከሃያ አምስት በላይ ከሆኑ ሦስተኛ ጨምሩ። አንዷ ቋሚ ተንከባካቢ ትሁን፤ ሌላዋ በተራ የምትመጣ እናት ወይም አያት። ተራውን አባ ሄሬጋ የኤላውን ቀን እንደሚያወጣው ቀድማችሁ አውጡና በግልጽ ንገሩ። ተራዋን ያልቻለች እናት ሌላ ሰው ትተካለች እንጂ አትቀርም።

ቋሚዋን ስትመርጡ መጀመሪያ ሰርተፍኬቷን አትጠይቁ። አንድ ጠዋት ከልጆች ጋር አስቀምጧትና ተመልከቱ። ልጅን ለማናገር ትንበረከካለች? ሁለት ልጆች ሲጣሉ ትጮኻለች ወይስ ትለያቸዋለች? ከዚያ በኋላ ማንበብና መጻፍ መቻሏን፣ አፋን ኦሮሞን አጣርታ መናገሯን፣ በሰፈሩ የታወቀች መሆኗን አጣሩ። ሥልጠናውን በአካባቢው የትምህርት ቤቶች ጉድኝት ማዕከል በኩል ጠይቁ።

ሦስት ነገር በጽሑፍ ይቀመጥና ለሁሉም ይነበብ። አንደኛ፣ አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር አይቀርም። ሁለተኛ፣ ልምጭ ወደ ግቢው አይገባም፤ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ልጅን በአካል መቅጣትን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከልክሎታል። ሦስተኛ፣ ልጅ የሚረከበው በመዝገብ የተጻፈ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ክፍያ ገና ከጅምሩ ተነጋገሩ። በጎ ፈቃድ ሁለት ወር ይቆያል፤ በቦና ወቅት ውሃ ፍለጋ ሲበረታ ተንከባካቢዋ ራሷ ውሃ መቅዳት ይኖርባታል። ገንዘብ ከሌለ ቢያንስ ሁለት ጄሪካን ውሃ በየቀኑ ቤቷ እንዲደርስላት ይደረግ። እሷ ልጆቻቸውን ስትይዝ እነሱ ውሃዋን ይቀዱላታል፤ እኩል ልውውጥ ነው።

6. መጫወቻውን ከቅርብ አግኙ

ጠጠር፣ ቆርኪ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የተሰበረ ቅል፣ ገመድ፣ ጭቃ፣ የጄሪካን ክዳን። ይህ ሁሉ በነጻ ይገኛል። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ግን አፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር አትስጡ፤ ለእነሱ ቅልና ትልልቅ የጨርቅ ኳስ ይበቃል።

አንድ ጨዋታ በዝርዝር እንይ። እያንዳንዱ ልጅ አስር ጠጠር ሰብስቦ ይምጣ። «ላሞቹ የትኞቹ ናቸው? ጥጆቹስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ትልቁን ከትንሹ፣ ቀዩን ከጥቁሩ ራሱ ይለያል። በስንጥር በረት ይሥራላቸው፤ ጥጆቹን ለብቻ ያስገባቸው። ከዚያ «ኤላው ጋ ተራ ደርሷል፣ ሦስት ሦስት እያደረግህ አጠጣ» በሉት። በመጨረሻ ዓይኑን እንዲሸፍን አድርጋችሁ አንድ ጠጠር ደብቁና «ጠዋት አስር ወጡ፣ ማታ ስንት ገቡ? የጠፋችው የቷ ናት?» በሉት። ልጁ መቀነስ ተማረ፤ እሱ ግን የሚያስበው የጠፋችውን ላም ስለማግኘት ነው። የቤቱን ሙያ ስለሚያውቀው አያፍርም፤ አዋቂም ቢሳሳት ያርማል።

የጠዋቱ ውሎ ይህን ይመስላል፦

- 2፡00፦ መቀበል፣ እጅ መታጠብ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በዜማ መጥራት
- 2፡30፦ በትንንሽ ቡድን ጨዋታ፤ ጠጠር፣ ጭቃ፣ አሸዋ ላይ በጣት መሥመር ማስመር
- 3፡20፦ እጅ መታጠብና ምግብ
- 3፡50፦ ሩጫ፣ ዝላይ፣ ገመድ
- 4፡20፦ ተረትና እንቆቅልሽ
- 4፡50፦ መጫወቻ መሰብሰብ፣ እጅ መታጠብ፣ ለተረካቢ ማስረከብ

ተረቱን ለአያቶች ተዉላቸው። አኮ ተረቱን ሲጨርሱ ተንከባካቢዋ «ጅቡ ለምን ተታለለ?» ብላ ትጠይቅ፤ መልሱን ከልጆቹ ትጠብቅ፣ ራሷ አትመልስ። ትንሽ ዝም ማለት ይኖራል፣ ይሁን። ልጅ አሰላስሎ በራሱ ቃል ማውራት የሚለምደው በዚያች ዝምታ ነው። የቡርጂ፣ የአማራ ወይም የሶማሌ ቤት ልጆች ካሉም በሳምንት አንድ ቀን ከቤታቸው ዘፈን ያምጡና ሁሉም ይማረው። ቁቤና እርሳስ የሚመጡት ለትልልቆቹ፣ ያውም በዓመቱ መጨረሻ ነው።

7. ምግቡንና ጤናውን ከትምህርቱ ጋር አያይዙ

የተራበ ልጅ ተረት አይሰማም። በቀን አንድ ጊዜ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ፣ ወይም በቅቤና በወተት የተሠራ ገንፎ ይቅረብ። ሁለት ጥንቃቄ አትርሱ። ወተቱ ይፈላ። የወተቱን ዕቃ በጢስ ማጠን ለጣዕምና ለማቆየት ይረዳል፤ ብሩሴሎሲስንና የሳንባ ነቀርሳን ግን አያጠፋም። ጨውም አዮዲን ያለው ይሁን። ከኤል ሶድ ሐይቅ የሚወጣው ጨው ለከብት ጥሩ ነው፤ ለልጅ አእምሮ የሚያስፈልገውን አዮዲን ለማግኘት ግን ፓኬት ላይ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ግዙ።

በወር አንድ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የግራ ክንዳቸውን ትለካ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የመለኪያው ንባብ ይህ ነው፦

- 12.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ (አረንጓዴ)፦ ደህና ነው።
- ከ11.5 ጀምሮ ከ12.5 ሳንቲ ሜትር በታች (ቢጫ)፦ መካከለኛ የምግብ እጥረት፤ ወደ ጤና ኬላ ይላክ፣ በየሳምንቱ ይለካ።
- ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች (ቀይ)፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ።

ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒኔት መድኃኒት እንጂ ለቤቱ ልጆች ሁሉ የሚከፋፈል ምግብ አይደለም። ይህን ለእናት ስትነግሩ ሌሎቹ ልጆቿ ምን እንደሚበሉም ጠይቁ፤ ባዶ ቤት ውስጥ አንዱን ለይታ አብልታ ሌላውን እያየች መቀመጥ ለእናት ይከብዳል። መልሷ «ምንም» ከሆነ ጉዳዩን ለኮሚቴው አቅርቡ።

የክትባት ካርዱንም ተመልከቱ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው፤ ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ፤ የአንጀት ትላትል መድኃኒት ከ2 ዓመት ጀምሮ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ኦአርኤስና ዚንክ ከጤና ኬላ ይገኛል። በ1 ዓመት ከ6 ወር ብቻውን ያልተራመደ፣ በ2 ዓመት ሁለት ቃል አገናኝቶ ያልተናገረ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ካያችሁ «ይደርሳል» ብላችሁ አታሳልፉ፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲታይ አድርጉ። እስከዚያው ግን ከመዋያው አይቅር፤ ከሌሎቹ ጋር መጫወቱ ራሱ ይጠቅመዋል።

8. ወላጆችን ባሉበት አግኟቸው

መዋያው ልጁን የሚያገኘው በቀን ሦስት ሰዓት ነው፤ ቀሪው የወላጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ማዕቀፍ ልጅ የሚያድገው በጤና፣ በምግብ፣ በደኅንነት፣ ፍላጎቱን አይቶ መልስ በሚሰጥ አሳዳጊና ገና በጨቅላነቱ በሚጀመር ትምህርት ነው ይላሉ። ከአምስቱ ብዙው በቤት የሚሠራ ነው።

እናቶችን በየሁለት ሳምንቱ በመዋያው ጥላ ሥር፣ ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ ሰብስቡ። በአንድ ስብሰባ አንድ ነገር ብቻ ይነሳ፤ በቃልም ሳይሆን በሥራ ይታይ። ሕፃን ማነጋገርን ስታነሱ አንዷ እናት ልጇን እያጠበች ታሳይ፦ «ይሄ የማን እጅ ነው? የአኮ እጅ ነው? አይደለም! የኔ ልጅ እጅ ነው።» ሁሉም ይስቃሉ፣ ሁሉም ያስታውሳሉ። በሌላው ስብሰባ ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ስለ ማጥባት፣ በቀጣዩ ስለ ገንፎ አሠራር።

አባቶችን ስብሰባ ጠርታችሁ ካልመጡ አትማረሩ። እነሱ ያሉት ኤላው ዳር፣ ከብት ገበያውና ሻይ ቤቱ ነው። ከብቱ ጠጥቶ ሲያርፍ አባ ኦላው አጭር ጨዋታ ይክፈቱላቸው፦ ልጆች በመዋያው ከአባቶቻቸው የልጅነት ተረት የትኛውን መስማት አለባቸው? መዋያው ወንዶችን ተረት ሲጠይቅ «የሴቶች ጉዳይ» መሆኑ ይቀራል። አንድ አባት በወር አንድ ጠዋት መጥቶ ገመድ መፍተል ወይም ከእንጨት ከብት መቅረጽ ቢያሳይ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

የቤተሰቡን መብት አስታውሱ፦

- ልደት በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ ይመዘገባል፤ ያለፈበትም መመዝገብ ይቻላል።
- በሴፍቲኔት የታቀፈች ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራ ነጻ ሆና ድጋፏን ታገኛለች፤ እርግዝናዋን በጤና ኬላ ታረጋግጥ።
- የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባልነት ልጅ ሲታመም የሕክምና ወጪ ይሸፍናል፤ የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ አስታውሱ።

9. ወጪውን በመዋጮ፣ መዋጮውን በግልጽ

ከብቱ ላለቀበት ወገን ዘመድ ተሰብስቦ ከብት የሚሰጥበት ቡሳ ጎኖፋ የቦረና የቆየ ሥርዓት ነው፤ የክልሉ መንግሥትም በዚሁ ስም መዋቅር አቁሟል። ለመዋያው የሚሆነውን መዋጮ በዚህ መንፈስ ጠይቁ፤ ከእያንዳንዱ ከአቅሙ። ገንዘብ የሌለው እንጨት ያመጣል፣ እንጨት የሌለው ውሃ ይቀዳል፣ ውሃ መቅዳት የማይችል አረጋዊ ተረት ይነግራል። ከከተማው ነጋዴና ከከብት ገበያው ደላሎች በወር የተወሰነ ብር፣ ከእድሩ የድስትና የምንጣፍ ውሰት ጠይቁ።

ገንዘብ ያዥና መዝገብ ያዥ ለየብቻ ይሁኑ። በየወሩ መጨረሻ የገባውና የወጣው በሁሉም ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አሥር ብር የሳሙና ወጪ ሳትቀር። ድጋፍ ሰጪ ድርጅት ቢመጣ ዕቃና ሥልጠና ተቀበሉ፤ የተንከባካቢዋን ክፍያ ግን ሙሉ በሙሉ በፕሮጀክት ላይ አትጣሉ። ፕሮጀክት ሲያልቅ መዋያው አብሮ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው።

10. ወደ 1ኛ ክፍል አሻግሯቸው

በግንቦት ወር ለትምህርት የሚደርሱትን ልጆች ዝርዝር በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ለርዕሰ መምህሩ ስጡ። በትምህርት ቤቱ ኦ ክፍል (የቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍል) ካለ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን ወደዚያ አስገቡ፤ መዋያው የሦስትና የአራት ዓመቶቹ ይሁን። ከሌለ የክረምቱን ሁለት ወር ለትልልቆቹ ማዘጋጃ አድርጉት፤ በአንዳንድ የሀገሪቱ ክፍል ተፋጥኖ የሚሰጠው የ1ኛ ክፍል ዝግጅትም በዚያው ጊዜ ነው። ከብት ይዞ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ልጅን የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ ወዳለበት ምሩት።

ከመስከረም በፊት ልጆቹን ይዛችሁ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሂዱ። ክፍሉን ይዩ፣ ሽንት ቤቱን ይወቁ፣ የ1ኛ ክፍል መምህራቸውን በስም ይጥሩ። መምህሩም ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይድረሰው፦ ምን ይወዳል፣ ምን ይፈራል፣ ጤናው እንዴት ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ለቅሶና ከትምህርት መቅረት በዚህ ብዙ ይቀንሳል።

11. ድርቅ ቢደግም የሚሠራውን አሁን ጻፉ

ድርቅ በቦረና እንግዳ አይደለም። አንድ የዝናብ ወቅት ሲቀር ኮሚቴው ሳይጠራ ይሰብሰብና የሚከተለውን ይጀምር፦

- የክንድ ልኬት በወር ከነበረ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሁለተኛው ወቅት ከቀረ በየሳምንቱ ይሁን።
- የቤተሰቡን ዝርዝር አድሱ፤ ማን ተነሳ፣ ማን መጣ፣ የትኛው ልጅ ከወላጁ ተለይቶ ከዘመድ ጋር ቀረ። ወላጁ አብሮት የሌለውን ልጅ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አስታውቁ።
- አዲስ የተፈናቀሉ ልጆችን ያለ ምዝገባ ጣጣ ተቀበሉ፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።
- ምግቡን በቀን ወደ ሁለት ጊዜ ለማሳደግ ለወረዳው ቀድማችሁ ጻፉ። እርዳታ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።
- ውሎውን አታስቀሩ። ሁሉ ነገር የተለወጠበት ልጅ ጠዋት ስሙ በዜማ የሚጠራበት አንድ ቦታ ያስፈልገዋል።

ከሦስት ወር በኋላ ራሳችሁን ገምግሙ

የመጀመሪያው ሦስት ወር ሲያልቅ ደብተሩን ይዛችሁ ተቀመጡና እነዚህን ጥያቄዎች በሐቀኝነት መልሱ፦

- ከተመዘገቡት ልጆች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን የሚመጡት ስንቱ ናቸው? የቀሩት ለምን ቀሩ?
- ታናሾቻቸውን ሲጠብቁ ከነበሩት እህቶች ስንቱ ትምህርት ቤት ተመለሱ?
- ቢጫና ቀይ ላይ የነበሩ ልጆች የት ደረሱ?
- የልደት ምዝገባ ያልነበራቸው ስንቱ ተመዘገቡ?
- በተራቸው የመጡ እናቶችና አባቶች ስንት ናቸው?
- ሒሳቡ በየወሩ ተነቧል?

መልሱ ከደከመ ልጆቹን ወይም እናቶቹን ከመውቀስ በፊት ሰዓቱን፣ ርቀቱንና ተራውን እንደገና ተመልከቱ፤ ችግሩ በአብዛኛው ከእነዚህ ከአንዱ ነው። መልሱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ከኮሚቴው ሁለት ሰው ወደ ቅርቡ ኦላ ይሂዱ፤ ደብተሩን አሳይተው፣ ከምዝገባው ጀምረው ሁለተኛውን መዋያ ያስጀምሩ። አንዱ መዋያ ሲሞላ ልጅ ከመመለስ ሌላ ጥላ መፈለግ ይቀላል።